ለጊንጥ ቆጠራ የሚሆን ባለ 365 ናኖሜትር ዩቪ ባትሪ፦ ዓመቱን ሙሉ ይዞት ለሚዞር ሰው ያዋጣል?

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገራችሁ። ዩቪ ማለትም ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራው ይሄ ባትሪ ጥሩ ነው፤ ጥሩ የሆነው ግን ሻጮቹ በሚያወሩለት ነገር አይደለም። ማስታወቂያው ላይ የሚደጋገመው ዋት ነው። ይሄን ያህል ዋት፣ ይሄን ያህል ሜትር ይወረውራል፣ በቃ ሌላ ወሬ የለም። አንድ ሌሊት ወጥቶ ጊንጥ አይቶ ፎቶ አንስቶ ለሚመለስ ሰው ዋቱ ይበቃው ይሆናል። ጊንጦች በየትኛው ወቅት ከጉድጓዳቸው በብዛት እንደሚወጡ፣ በአሸዋው፣ በቋጥኙ፣ በሳሩና በዛፉ መካከል ምን ልዩነት እንዳለ ወር በወር እየተከታተለ ለሚቆጥር ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ዛሬ የሰጠኝን ብርሃን ከስድስት ወር በኋላም ይሰጠኛል ወይ? እኔ ባትሪውን የመዘንኩት በዚህ ነው።

የብራንድ ስም አልጠራም። አንዱ ዕቃ በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ስም መጥራቱ ማደናገር ነው የሚሆነው። የማወራው ስለ ዓይነቱ ነው፦ በ365 ናኖሜትር (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) የሚያበራ አንድ ኤልኢዲ ያለው፣ ፊቱ ላይ ጥቁር የመስታወት ማጣሪያ የተገጠመለት፣ 21700 የሚባለውን ወፍራም ሊቲየም የባትሪ ድንጋይ የሚጎርስ፣ በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚደረግ የእጅ ባትሪ።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆናችሁ፣ ጊንጥ ዩቪ ሲያርፍበት አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል። ይሄ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው። የሚያበራው የላይ ሽፋኑ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ናቸው፤ ቤታ ካርቦሊን የሚባለው በ1999 ተለይቶ ታወቀ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የኩማሪን ቤተሰብ የሆነ ሌላ ተገኘ። ለምን ያበራል የሚለው ላይ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ። ጊንጡ በሰውነቱ ብርሃን እየለየ መጠለያ ውስጥ ይሁን ሜዳ ላይ የሚያውቀው በዚህ ነው የሚሉ አሉ። እሱን ለነሱ እንተወው። ለቆጣሪ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ዩቪ ባይኖር ኖሮ ሥራችን ድንጋይ መገልበጥ ይሆን ነበር። ድንጋይ መገልበጥ ደግሞ መኖሪያቸውን ያፈርሳል፣ የሚያሳየውም የተደበቀውን እንጂ የወጣውን አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃው። ርካሽ የሚባሉት የዩቪ ባትሪዎች አብዛኞቹ 395 ናኖሜትር ናቸው። በነሱም ጊንጥ ይታያል፣ አልዋሽም። ችግራቸው ዓይናችን የሚያየውን ሐምራዊ ብርሃን ይዘው መምጣታቸው ነው። መሬቱም፣ ድንጋዩም፣ ጫማችሁም ሐምራዊ ይሆናል። ባዶ አሸዋ ላይ የቆመ ትልቅ ጊንጥ በዚያም መሃል ያስታውቃል። የጣት ጥፍር የምታክል ግልገል ደረቅ ቅጠል መሃል ስትሆን ግን ሐምራዊው ይውጣታል። እዚህ ላይ ነው ወቅትን ማጥናት የሚበላሸው። ግልገሎች በብዛት የሚታዩበት ወቅት ከትልልቆቹ ይለያል፤ ባትሪው ግልገሎቹን ካላሳየ የእነሱን ወቅት እንዳለ ታጣላችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ግን ምንም የጎደለው አይመስልም።

ባለ 365ቱ ከጥቁሩ ማጣሪያ ጋር ሲሆን ሌላ ነገር ነው። መሬቱ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፣ ጊንጡ ብቻ ቦግ ይላል። ማጣሪያውን ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት። 365 ተብሎ የሚሸጥ ኤልኢዲም ቢሆን የተወሰነ ነጣ ያለ ብርሃን ያመልጠዋል፤ ያንን የሚያስቀረው መስታወቱ ነው። ያለ ማጣሪያ የሚሸጠውን ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ፣ በኋላ ማጣሪያውን ለብቻው ስትፈልጉ ልኩ ላይገኝ ይችላል።

ማጣሪያ ቢኖርም የሚፈካው ሁሉ ጊንጥ አይደለም። ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ሊከን፣ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ በሳሙና የታጠበ የሸሚዛችሁ እጅጌ፣ አንዳንድ ባለ ብዙ እግር ነፍሳት፣ ሁሉም በየቀለማቸው ያበራሉ። ከሁሉም አስቸጋሪው ግን ጊንጡ ራሱ ገፍፎ የጣለው ሽፋን ነው። ባዶ ቆዳ ሆኖ ልክ በሕይወት እንዳለው ይፈካል። ከሩቅ ቆጥሮ ማለፍ የሚወድ ሰው ይሄን ይስማ፤ ጊንጦች ሽፋናቸውን በሚቀይሩበት ሰሞን ቁጥራችሁ ያለ ምክንያት ሊያብጥ ይችላል። በተቃራኒው ገና አዲስ ሽፋን ያወጣው ጊንጥ ራሱ፣ ሽፋኑ እስኪጠነክር ድረስ ብርሃኑ ደብዛዛ ነው። እናትም ልጆቿን ጀርባዋ ላይ አዝላ ስትገኝ እሷ ቦግ ብላ ትታያለች፣ ልጆቹ ግን ፈዘዝ ያለ ክምር ናቸው። ጠጋ ብሎ ማየት ግድ ነው፣ በረጅም መቆንጠጫ ወይም በእንጨት፣ በእጅ አይደለም።

እስካሁን ያልኩትን ሌላውም ባለ 365 ያሟላል። ይሄኛውን የወደድኩት ብርሃኑ ስለማይዋዥቅ ነው። ውስጡ ኮረንቱን የሚቆጣጠር ሰርኪት አለ። ተራ ባትሪ ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ አብሮ እየደከመ ይሄዳል፣ ዓይናችሁም ቀስ በቀስ ስለሚለምደው አይታወቃችሁም። ማታ ሲጀመር ስድስት ሜትር ርቀት ላይ ያያችሁትን ጊንጥ ወደ እኩለ ሌሊት ስትጠጉ ሦስት ሜትር ላይ ብቻ ታዩታላችሁ። ከዚያ ምን ትጽፋላችሁ? «ጊንጦቹ በአመሻሹ ወጥተው በኋላ ተመለሱ» ትላላችሁ። ጊንጦቹ ግን የትም አልሄዱም፣ የደከመው ባትሪው ነው።

የወቅቱ ጣጣ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሊቲየም ድንጋይ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። ዩቪ ኤልኢዲ ደግሞ ሲሞቅ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ ባትሪዎችም አካላቸው ሲግል እንዳይቃጠሉ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እንግዲህ አስቡት። በብርድ ወቅት በድንጋዩ ምክንያት፣ በሙቀት ወቅት በኤልኢዲው ምክንያት ብርሃኑ ይለዋወጣል። ባትሪው ራሱ ወቅት አለው ማለት ነው። የጊንጡን ወቅት እለካለሁ ስትሉ የባትሪውን ወቅት ለክታችሁ እንዳትመጡ።

ይሄን ለመፈተሽ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የሚፈካ ካርድ (ተራ ነጭ ወረቀትም ይሆናል) ጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ባትሪውን በተመሳሳይ ርቀት አስቀምጡ፣ የስልካችሁን ካሜራ በማኑዋል አድርጋችሁ ቅንብሩን ሳትነኩ በየጊዜው ፎቶ አንሱ። ይሄኛው ባትሪ ሲበራ መጀመሪያ ላይ ጠንከር ብሎ ይነሳል፣ አካሉ ሲሞቅ ወረድ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ድንጋዩ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔ የምፈልገው ይሄን ቀጥ ያለውን ክፍል ነው። ስለዚህ ቆጠራ ከመጀመሬ በፊት አብርቼው ትንሽ እንዲሞቅ እተወዋለሁ። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ዋት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዋት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስላለው አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። ይሄ ያናድዳል። ዝቅ ማለቱ ምንም አይደለም፣ መደበቁ ነው ነውሩ።

ሁለተኛውን ማለትም መካከለኛውን ደረጃ ተጠቀሙ። ከፍተኛው ቶሎ ስለሚግል ለቆጠራ አይሆንም፣ ሩቅ ያለ ነገር ለማረጋገጥ ብቻ ይጠቅማል። ዋናው ነገር ዓመቱን ሙሉ አንድ ደረጃ መምረጥና እሱን አለመልቀቅ ነው።

ወደ መኖሪያዎቹ ልሂድ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ማንም ባትሪ ፍጹም አይደለም።

አሸዋ ላይ ይሄ ባትሪ ንጉሥ ነው። መሬቱ ገላጣ ስለሆነ ጊንጡ የሚደበቅበት የለውም፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ የሚያደባው እንኳ መቆንጠጫዎቹ ወጣ ብለው ይታያሉ። ብዙዎቹ ጊንጦች እንዲህ ናቸው፣ አይንከራተቱም። የሚያልፈውን ነፍሳት ንዝረት በእግራቸው እያዳመጡ ይጠብቃሉ። መቆንጠጫ ብቻ አይታችሁ ቆጥራችሁ ስታልፉ፣ «ወጥቷል» ነው የምትሉት ወይስ «አፉ ላይ ነው»? ይሄን ከወዲሁ ለዩና ጻፉ፣ ባትሪው አይወስንላችሁም።

ቋጥኝ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ስንጥቅ ውስጥ የሚኖሩት ጠፍጣፋ ጊንጦች ሙሉ ሰውነታቸውን አያሳዩም። ብርሃኑን ፊት ለፊት ብትለቁት ከስንጥቁ አፍ ያለው ሊከን ይፈካና ውስጡን ያጨልምባችኋል። ባትሪውን ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን፣ ስንጥቁን ተከትላችሁ ስትለቁት ግን አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ብልጭ ትላለች። የጅራት ጠርዝ ናት፣ ወይም የእግር መገጣጠሚያ። የዚህ ባትሪ ብርሃን መሃሉ ጠንካራ ዳሩ ሰፊ ስለሆነ ለዚህ ሥራ መካከለኛ ነው ልበል። ጥብብ ያለ ብርሃን የሚሰጥ ቢሆን ስንጥቁ ውስጥ የበለጠ ይገባ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ሜዳው ላይ አሥር ጊዜ ማወዛወዝ ነው።

ሳር ሜዳ ላይ ደግሞ ባትሪው ብቻውን አይበቃም። ዩቪ እንደማንኛውም ብርሃን ነው፤ ሳሩ ይጋርደዋል። ሳሩ አጭርና ደረቅ በሆነበት ወቅት ጊንጥ ይታያል፣ ዝናብ ጥሎ ሳሩ ጉልበት ሲደርስ ይጠፋል። ጊንጡ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ዝናቡን ተከትሎ ነፍሳቱ ስለበዛ እንዲያውም በደንብ እየበላ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ግን ዜሮ ጽፋችሁ ትመለሳላችሁ። የሳር ሜዳን ቁጥር ከአሸዋ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «እዚህ ጥቂት ናቸው» የሚል ሰው ካያችሁ ጠይቁት፣ ስንት ሜትር ስፋት ነው ያየኸው? ሳሩ ውስጥ እየሄዳችሁ የምትቆጥሩበትን መስመር ማጥበብ፣ ቀስ ብሎ መሄድና የሳሩን ቁመት መመዝገብ ያስፈልጋል። ከቻላችሁ መሬት ውስጥ የሚቀበሩ የመያዣ ጣሳዎችንም ጨምሩ። እነሱም የራሳቸው አድልዎ አላቸው፤ የሚይዙት የሚንከራተተውን ነው፣ በተለይ በመራቢያ ወቅት ሴት ፍለጋ የሚዞሩትን ወንዶች፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ የምትጠብቀውን ሴት ግን አያገኟትም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ይተራረማሉ።

ዛፍ ላይ ለሚወጡት የምለው ቀና ብላችሁ እዩ ብቻ ነው። እግሩ ሥር እያየ የሚሄድ ቆጣሪ ግንድ ላይ ያሉትን በሙሉ ያልፋቸዋል። ባትሪው ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ጨረቃ የሚጠይቅ አይጠፋም። በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ጨረቃ በደመቀች ሌሊት ጊንጦች ሜዳ ላይ መውጣት እንደሚቀንሱ ወይም ቁጥቋጦ ሥር እንደሚያዘወትሩ ያሳያሉ፣ በሌሎች ዝርያዎች ላይ ግን ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ለግምገማዬ የሚመለከተው ሌላው ጎን ነው፦ ጨረቃ ስትደምቅ መሬቱ ነጣ ስለሚል ጊንጡ ቢወጣም ፍካቱ ይደበዝዝባችኋል። ማጣሪያ ያለው ባትሪ እንኳ ይሄን አያድንም። መፍትሔው ሁልጊዜ በተመሳሳይ የጨረቃ ቀን መውጣት ነው፣ ጨለማው ሳምንት ይመረጣል።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ ለምትሉ፣ አንድ ሌሊት የሚወጡት ጊንጦች ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ስለሆኑ ነው። ጊንጥ ሲያርፍ የሚያቃጥለው ኃይል ተመሳሳይ ክብደት ካላቸው ሌሎች ነፍሳትና ሸረሪቶች ሩብ ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ጥሩ ከበላ ለረጅም ጊዜ ላይወጣ ይችላል። የሚወጣውም በዘፈቀደ አይደለም። በካሊፎርኒያ በረሃ የአሸዋ ጊንጦችን ለዓመታት የተከታተለው ተመራማሪ ጋሪ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ሥራው እንዳሳየው፣ ግልገሎችና ትልልቆች ከጉድጓዳቸው የሚወጡበት ጊዜ ይለያያል። አንዱ ምክንያት ትልልቆቹ ትንንሾቹን መብላታቸው ነው። ትልቁ በበዛበት ሰሞን ትንሹ ይሸሸጋል። እሱም ያጠናቸው በዩቪ ብርሃን እየፈለገ ነው። እንዲህ ያለ ስውር ነገር ለማግኘት የሚያነሳና የሚጥል ባትሪ ይዞ መውጣት ምን ዋጋ አለው?

ስለ ዓይናችሁ ደግሞ አደራ። 365 ለዓይን ደብዛዛ ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል። ዓይናችን አያየውም እንጂ ጨረሩ አለ። ዩቪ የሚከላከል መነጽር አድርጉ፣ ቢጫ ቢሆን ይመረጣል፣ ጭጋግ የመሰለውንም ነገር ያጠራላችኋል። ከባትሪው ጋር የመጣው መነጽር ግን ይከላከል አይከላከል የሚል ምንም ጽሑፍ ስላልነበረው አላመንኩትም፣ ሌላ ገዛሁ። ጊንጡ ላይም ብርሃኑን ተክላችሁ አትቁሙ። ብዙዎቹ ዩቪ ሲያርፍባቸው ሸሽተው ይገባሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲጋለጡ ደግሞ ፍካታቸው ራሱ ይቀንሳል። አይቶ፣ መዝግቦ፣ ማለፍ ነው።

ለመመዝገብ ግን ዩቪውን አጥፉት። ነጭ ወረቀት ዩቪ ሲነካው ሰማያዊ ሆኖ ዓይን ያጠፋል፣ ከዚያ ጨለማውን እንደገና እስክትለምዱ ድረስ የመጣውን ጊንጥ አታዩም። ግንባር ላይ የሚታሰር ቀይ መብራት ይበቃል። መንገዱንም የምታዩት በሱ ነው፣ ምክንያቱም ዩቪ ጊንጥ እንጂ ጉድጓድና እሾህ አያሳይም፤ እባብማ ጨርሶ።

አሁን የማይረባውን ልናገር። ማብሪያው ኋላ ላይ ስለሆነና ስለሚላላ ቦርሳ ውስጥ ብቻውን ይበራል። የድንጋዩን ክዳን ትንሽ ፈታ አድርጎ መያዝ ይሻላል። ያለፈውን ደረጃ አያስታውስም፤ ባበራችሁት ቁጥር ከከፍተኛው ይጀምራል፣ ለቆጠራ ደግሞ የማልፈልገው ደረጃ እሱ ነው። የቻርጅ መሰኪያውን የሚሸፍነው ጎማ ቶሎ ይላቀቃል፣ አሸዋ ላይ ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። የማጣሪያው ቀለበትም በንዝረት ይፈታል፣ በየጊዜው ጠበቅ አድርጉት። ውሃ ይቋቋማል የተባለው እውነት ነው፣ ዝናብ ውስጥ አላሳፈረኝም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የወሰዱት የላላው ማብሪያና ስለ ብርሃኑ መውረድ ዝም ያለው ሣጥን ናቸው። ለአንድ ሌሊት ጉጉት ከሆነ ባለ 395ቱ ይበቃችኋል፣ ገንዘባችሁን አታውጡ። ወር እየቆጠራችሁ ልትመላለሱ ከሆነ ግን ይሄን፣ ከተቻለም ከዚሁ ዓይነት ሁለት አንድ ላይ ግዙ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው መሃል ላይ ቢበላሽ በሌላ ዓይነት ባትሪ መቀጠል ዓመቱን ለሁለት ይቆርጥባችኋል። መለዋወጫ ድንጋዩንም በብርድ ወቅት ኪስ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት።